ዝውውሩን ከመፈረምሽ በፊት

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የተመደብሽበት የማከፋፈያ ጣቢያ ከከተማ የራቀ መሆኑን፣ አሁን ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ለሪፖርትና ክትትል ክፍል እንደሚፈልግሽ ነግረሽኛል። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ይህን ዘርፍ መምራት እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ይህቺን ባትጨምሪ ኖሮ «ሂጂ፣ ከቤተሰብሽ ጋር ኑሪ» እልሽ ነበር፤ እሱም የተከበረ ኑሮ ነው። ከጻፍሽው በኋላ ግን የምመክርሽ ሌላ ነው። ገና አትሂጂ።

በኃይል ሥራ ውስጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ብዙ ጎበዝ ሴት መሐንዲሶች በየት በኩል እንደ ቀሩ አይቻለሁ። በክፋት የተገፉት ጥቂቶች ናቸው። የበዙት የቀሩት በደግነት ነው። «ሴት ልጅ በረሃ ላይ ምን ታደርጋለች?» ይባልና ወደ ዕቅድ፣ ወደ ሥልጠና፣ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ትመጣለች። ቢሮው ንጹሕ ነው፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ አለቃዋም በሥራዋ ይደሰታል። ዓመታት ካለፉ በኋላ የጣቢያ ወይም የፕሮጀክት ኃላፊነት ሲወጣ ግን የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የትኛውን ጣቢያ አንቀሳቅሰሻል፣ የትኛውን ግንባታ አስረክበሻል? እዚያ ላይ የምታሳየው የላትም። ማንም «አትችዪም» ብሏት አያውቅም፤ መንገዱ ግን ገና በመጀመሪያው ዝውውር ተቆርጧል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት በታዳሽ ኃይል ዘርፍ ከሚሠሩት ውስጥ ሴቶች 32 በመቶ እንደሆኑ፣ በነዳጅና ጋዝ ደግሞ 22 በመቶ እንደሆኑ አስፍሯል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ውስጡ ያለው ልዩነት ነው። በዚያው በታዳሽ ኃይል ዘርፍ የአስተዳደር ሥራ ላይ 45 በመቶው ሴቶች ሲሆኑ፣ በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂና በምህንድስና ሥራዎች ላይ 28 በመቶ ብቻ ናቸው። በሩ ተከፍቶልን ገብተናል፤ የተቀመጥነው ግን ተርባይኑ ከሚዞርበት ራቅ ብለን ነው።

ኢንጂነር አዜብ አስናቀን አስቢ። መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው እስከ 2010 ዓ.ም. የመሩት እሳቸው ናቸው። ሰው የሚያነሳው ሹመቱን ነው፤ አንቺ ግን ከሹመቱ በፊት ያለውን እይ። የጊቤ ሦስት ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በኦሞ ወንዝ ላይ ከ240 ሜትር በላይ የቆመ ግድብ፣ እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች፣ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት። በአንድ በኩል የጣሊያኑ ሳሊኒና የቻይናው ዶንግፋንግ ኩባንያዎች፣ በሌላ በኩል ግድቡ እንዳይሠራ በየአገሩ የሚከራከሩ ቡድኖች። እንዲህ ያለውን ሥራ ከመራች ሴት ፊት «ሴት ትችላለች ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ለጠያቂው ይከብደዋል። ግድቡ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ተቋሙን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ።

አሁን ወዳለሽበት ጣቢያ እንመለስ። የጥገና ቡድን መስመር ላይ ሊወጣ ሲመጣ የሚሆነውን በየሳምንቱ ታዪዋለሽ፤ ምን እየተማርሽበት እንደሆነ ግን ልብ ያልሽው አይመስለኝም። ከቁጥጥር ማዕከሉ በስልክ ትእዛዝ ይመጣል፤ ቃል በቃል ትደግሚዋለሽ፣ ሰዓቱን ትመዘግቢያለሽ። ሰርኪት ብሬከሩ መስመሩን ይቆርጣል፣ ቀጥሎ አይሶሌተሩ ይከፈታል። የፓነሉ መብራት «ተከፍቷል» ስላለ አታምኚም፤ ግቢው ውስጥ ወጥተሽ የሦስቱም ፌዝ ክንዶች መለያየታቸውን በዓይንሽ ታያለሽ። መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው በመሣሪያ ይፈተሻል፣ ኧርዝ ይደረጋል፣ ይቆለፋል፣ ሰው ሥራ ላይ መሆኑን የሚናገረው ምልክት ይንጠለጠላል። የሥራ ፈቃዱ ላይ የሚፈረመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያ ወረቀት ለቡድን መሪው ከተሰጠ ወዲያ ምሰሶ ላይ የወጣው ሰው ሕይወት በፈራሚው እጅ ነው። ከተማው ጨልሞ፣ አለቃ «ምነው ዘገየ?» እያለ ደጋግሞ ቢደውል እንኳ የወጡት ሰዎች ሁሉ ወርደው፣ ተቆጥረው፣ ፈቃዱ ተፈርሞ እስኪመለስ ድረስ «አይሆንም» ትያለሽ። በዚህ ዕድሜሽ ለአለቃ በበቂ ምክንያት «አይሆንም» ማለትን የሚያስተምርሽ ቢሮ የትም የለም። መሪ የሚሆነው ሰው የሚለምደው ይህንኑ ነው።

ከፈረቃው ደግሞ የሌሊቱን አትሽሺ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ተገቢ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ተጠቀሚበት። አንዳንድ ኃላፊ ግን ይህን ለሴት ሁሉ ያደርገውና ከሌሊት ፈረቃ ያወጣሻል። ሌሊት መስመር ሲቆረጥ የሚጠራው መሐንዲስ ሩቅ ነው፤ ያለሽው አንቺና ፓነሉ ናችሁ። ሰው በአንድ እንዲህ ባለ ሌሊት የሚማረውን በቀን ብርሃን በወራት አይማረውም።

ግን ልጄ፣ ቻይው ማለቴ እንዳይመስልሽ። ሳይት ላይ ለሴት የሚሆን መጸዳጃ ስለሌለ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ መሐንዲሶችን አውቃለሁ፤ በቆላ ሙቀት፣ በኩላሊታቸው ፈርደው። የሴፍቲ ጫማ ሲታደል ትንሹ ቁጥር እንኳ ለእግራቸው የሚሰፋቸው አሉ፤ እንዲህ ባለ ጫማ መሰላል መውጣት አደጋ ነው። እነዚህን እንደ ውለታ አትለምኚ። በደኅንነት ሪፖርቱ ላይ ከእሳት ማጥፊያውና ከሄልሜቱ ጋር በአንድ ዝርዝር አስገቢያቸው፤ ኃላፊው ለዚያ ሪፖርት ተጠያቂ ነው። የሚተነኩስሽ ቢኖርም ያው አዋጅ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን፣ ማን እንደሰማ ዕለቱን ጻፊ፤ በጽሑፍ አመልክቺ። ከጣቢያው መነሣት ያለበት እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ተበዳይዋ «ለደኅንነቷ» ተብሎ ትዛወራለች፤ በዚህ አትስማሚ።

ከጣቢያው ቀጥሎ ያለው ደረጃ ውልና ገንዘብ ነው። መሐንዲሶች ይህን ይንቁታል፤ ፕሮጀክት የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም ግን እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል መሠረት ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚጠይቅበት ነገር ሲገጥመው በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። ይህቺን አንቀጽ የምታውቅና የደረሰ ደብዳቤ ሁሉ የገባበትን ቀን የምትመዘግብ ወጣት መሐንዲስ ለአገር ብዙ ገንዘብ ታድናለች። የክፍያ ሰርተፊኬት ሲመጣ መጠኑ ሳይት ላይ ከተለካው ጋር መግጠሙን ራስሽ አመሳክሪ። ተቋራጮች እንዲህ የምታመሳክረውን ሴት ቶሎ ያውቋታል፤ ያከብሯታልም።

«ሁሉም መሐንዲስ መሆን አለበት ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። የለበትም። ኬንያዊቷ ርብቃ ሚያኖ የሕግ ባለሙያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኬንያን የኤሌክትሪክ አመንጪ ኩባንያ ኬንጄንን ተቀላቅለው፣ የኩባንያው ጸሐፊ ሆነው ሠርተው፣ በ2017 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ፤ በ2022 ደግሞ ለሚኒስትርነት ታጩ። ስለዚህ ቢሮ ሁሉ ወጥመድ ነው አልልሽም። የኩባንያ ጸሐፊ ቦርዱ በሚወስንበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ውሳኔው እንዴት እንደሚወለድ ያያል። አንቺን የጠራሽ ክፍል ግን ሌሎች የሠሩትን ሰብስቦ በሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ ነው። ቢሮ ሲቀርብልሽ አንድ ነገር ጠይቂ፤ እዚህ የሚወሰን ነገር አለ ወይ?

ሴት መሪ ያስፈልገናል ስል ለቁጥር አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በማገዶና በከሰል ነው፤ ማገዶውን የሚሸከሙት፣ ጭሱን የሚተነፍሱት ሴቶች ናቸው። መብራት የገባለት ቤት ውስጥም ትልቁን ኃይል የሚስበው ምጣዱ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። የሰፈር ትራንስፎርመር በበዓል ዋዜማ ለምን እንደሚንገዳገድ ለማወቅ እንጀራ የጋገረ ሰው ብዙ ጥናት አይፈልግም። የአገር የኃይል ዕቅድ ሲወጣ ስለ ፋብሪካና ስለ ወጪ ንግድ ብዙ ይወራል፤ ስለ ምጣድ የሚያወራ የለም። አንቺ ስትቀመጪ አንሺው፤ በቁጥር፣ በፊደር ጭነት ንባብ አስደግፈሽ አንሺው።

ስለ ትዳርና ልጅም ጠይቀሽኛል። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሕይወቱ የአንቺ ነው። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጥሻል። ከመውጣትሽ በፊት ሥራሽን በጽሑፍ አስረክቢ፣ የምትመለሺበትን ቦታም በጽሑፍ አስረግጪ። የምታገቢው ሰው ሌሊት ስልክ ሲደወልልሽ ተነሥቶ ልጁን የሚይዝ ይሁን።

ብቻሽንም አትሁኚ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። በየጣቢያው የተበተኑትን ሴት ኦፕሬተሮችና መሐንዲሶች በስልክ አገናኚያቸው፤ የሹመት ማስታወቂያ ሲወጣ አንዷ ለሌላዋ ትንገር፣ ለቃለ መጠይቅ ተዘጋጁ፣ የምዘና ውጤታችሁን ተያዩ። ወንዶቹ ይህን ሁሉ ቡና ላይ ያደርጉታል።

ለዋናው መሥሪያ ቤት የምትጽፊው መልስ አጭር ይሁን። ስለታሰበልሽ አመስግኚ። በጣቢያው የጀመርሽውን ማጠናቀቅ እንደምትፈልጊ፣ ከዚያ በኋላም በማከፋፈያ ጣቢያ ግንባታ ላይ በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት እንድትመደቢ እንደምትጠይቂ በግልጽ አስፍሪ፤ ቀን ጽፈሽ፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት አድርገሽ፣ የገቢ ቁጥር ተቀበዪበት። ከመላክሽ በፊት ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ የማደሪያሽ በር ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? የማይቆለፍ ከሆነ ደብዳቤው ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ነው።