ለማጁን ወደ ትልቅ ሞተር የምትገፉ፣ ንስሐ ግቡ

ይህ ቃል በብሪታንያ ለማጆችን ለትልቅ ሞተር መንጃ ፈቃድ እናበቃለን የምትሉትን ይመለከታል። ራሱን ለማጁንም፣ አጠገቡ ሆናችሁ «ምን ይህን ያህል ትፈራለህ፣ ቶሎ ጨርሰው» የምትሉትንም ይመለከታል። የምትሠሩት ሥራ ኃጢአት ነው። በፈገግታ ስለሚሠራና ወረቀት ይዞ ፎቶ በመነሣት ስለሚያልቅ ኃጢአትነቱ ተሰውሮባችኋል።

በዚያ አገር መንገድ ላይ ከሚመላለሰው ተሽከርካሪ ሁሉ ሞተር ሳይክል አንድ በመቶ ያህል ቢሆን ነው። በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሞተረኛ ነው። አሰልጣኞች ይህን ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ለተማሪው የምትነግሩትም አላችሁ። ነግራችሁት ስታበቁ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ለፈተና ታቀርቡታላችሁ።

ሕጉ አላስቸኮላችሁም። በ17 ዓመት 125 ሲሲ፤ በ19 ዓመት ጉልበቱ ከ35 ኪሎዋት የማይበልጥ መካከለኛ ሞተር፤ በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ከተቆየ በኋላ ደግሞ እንደገና ተፈትኖ ያለ ገደብ መንዳት፤ ደረጃው ይህ ነው። 24 ዓመት የሞላው ሰው ደረጃውን አልፎ በቀጥታ በትልቁ እንዲፈተን ተፈቅዶለታል። ዕድሜው ቀድሞ 21 ነበር፤ ወደ 24 ከፍ ያለው እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ነው። ይህ ፈቃድ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። እናንተ ግን 24 የሞላውን ሁሉ፣ በዕድሜው ሞተር ነክቶ የማያውቀውን ጭምር፣ ሌላ መንገድ እንደሌለው አድርጋችሁ በዚህ ትነዱታላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ሰምቶ ያላደገ ሐበሻ የለም፤ ታዲያ የራሱን ልጅ በሩጫ ያስታጥቃል።

ሲቢቲ ከሚባለው የመጀመሪያ ሥልጠና እንነሣ። ሲቢቲ ፈተና አይደለም፤ ቀኑ ስለመሸ ብቻም ወረቀቱ አይሰጥም። አሰልጣኙ «ይህ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ቢወጣ ያውቅበታል» ብሎ ሲያምን ነው የሚፈርመው። በዚያ ፊርማ የስንቱ ሕይወት እንደተያዘ እያወቃችሁ፣ ማርሽ ለመቀየር ዓይኑን ወደ እግሩ ለሚጥል ሰው የፈረማችሁ አላችሁ። ገንዘቡን ስለከፈለና ነገ ሥራ ስላለበት አዝናችሁለት ይሆናል። ያ ኀዘኔታ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የመጀመሪያው የተግባር ፈተና የሚካሄድበትን ግቢ እዩ። ሜዳው ባዶ ነው፤ ኮኖቹ ተደርድረዋል። ለማጁ ሞተሩን በእጁ ገፍቶ ያቆማል፣ በኮኖቹ መካከል ይጠማዘዛል፣ ስምንት ቁጥር ይሠራል፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይነዳል፣ በጠባብ ቦታ ይዞራል፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ደርሶ ድንገት ይቆማል፣ በዚያው ፍጥነት ከመሰናክል ይሸሻል። እስከ 5 ጥቃቅን ስሕተት ይታለፍለታል። ፈተናውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ሥልጠናው ከዚያ ግቢ አጥር አለማለፉን ነው። ተማሪው ከመዞሩ በፊት በትከሻው በኩል ኋላውን ማየት አለበት። አሰልጣኙ ግን የሚለው «አንገትህን በደንብ አዙር፣ ፈታኙ ይይህ» ነው። ልጁም አገጩን ትከሻው ላይ አድርሶ ይመልሳል፤ ዓይኑ ምንም አላየም። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሲደጋግም ይውላል። ከወር በኋላ በሦስት ረድፍ መንገድ ላይ ረድፍ ሲቀይር አንገቱ እንደለመደው ይዞራል፤ በስፖኪዮው የማይታየው ቫን ግን እዚያው ከጎኑ ነው። ይህን አስመስሎ ማየት ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ።

በግቢው በ50 ያቆመው ልጅ በማግስቱ ከከተማ ሲወጣ በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም ወደ 97 ኪሎ ሜትር የሚፈቀድበት መንገድ ላይ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ማብረድ ያለበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የአገሪቱ የመንገድ ደንብ በ70 ማይል ለመቆም 96 ሜትር እንደሚያስፈልግ ይናገራል። የደነገጠ ለማጅ ደግሞ የፊት ፍሬኑን አንድ ጊዜ ይጨመድደዋል። ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ሳይመጣ ስለተያዘ ጎማው ይቆለፋል፣ ይንሸራተታል፣ ሰውየውም መሬት ላይ ነው። መጀመሪያ በቀስታ ይዞ፣ የፊቱ ሲጫን እየጨመሩ መጭመቅ በጣት የሚለመድ ነገር ነው፤ ጣት ደግሞ በሁለት ሙከራ አይማርም። ዘመናዊው ሞተር ኤቢኤስ አለው ትሉኛላችሁ። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ይረዳል እንጂ 96ቱን ሜትር አይሰርዝም።

ከሁሉ የከፋው ኩርባ ነው። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። በፍጥነት ገብቶ የፈራ ሰው ዓይኑን ከሚፈራው አጥር ላይ መንቀል ያቅተዋል፤ ፍሬን ሲይዝ ያጋደለው ሞተር ቀጥ ይልና አጥሩን ይዞት ይገባል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ በሩቅ ተገናኝተው የሚታዩበትን ነጥብ ይዞ መሄድ ነው። ነጥቡ ወደ አንተ እየቀረበ ከመጣ ኩርባው እየጠበበ ነውና ፍጥነት ቀንስ፤ እየሸሸ ከሄደ መንገዱ እየተከፈተልህ ነው። ሁልጊዜም በዓይንህ በምታየው ርቀት ውስጥ፣ በራስህ ረድፍ ላይ ለመቆም በምትችልበት ፍጥነት ግባ። ይህን ከተማሪው ኋላ ሆኖ በእውነተኛ መንገድ ለማሳየት ግማሽ ቀን ይበቃል። ለኮን ሦስት ቀን ሰጥታችሁ ለኩርባ ግማሽ ቀን እንዴት አጣችሁ?

በእኛ ሰው ላይ ደግሞ የሚብስ ነገር አለ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ያደገ ሰው ሲጨንቀው ዓይኑ ወደ ለመደው ይመለሳል፤ አደባባይ ላይ ከቀኙ የሚመጣውን መጠበቅ ሲገባው ወደ ግራው ያያል። የአሰልጣኙ ድምፅ በራዲዮ ጆሮው ውስጥ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፣ ነፋሱም ይጮኻል። ግማሹን አልሰማም። አልገባኝም ማለት አሳፍሮት ራሱን ይነቀንቃል፤ አሰልጣኙም የሄልሜቱን መነቅነቅ አይቶ ያልፋል። የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ ስለዚህ ጥያቄና መልስ ሸምድዶ ከ50ው 43 ካገኘ አለፈ። እናንተ ሽምደዳውን የምትሸጡለት የአገር ልጆች፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የምልክቱን ትርጉም በቋንቋው ብታስረዱት ነፍስ ባተረፋችሁ ነበር። ትርፍ መረጣችሁ።

አንተም ለማጁ ስማ። ቀይ ኤል ለጥፈህ በ125 ሲሲ ምግብ ስታደርስ ከርመህ ይሆናል፤ የለንደንን ጎዳና ከማንም በላይ የማውቅ እኔ ነኝ ትላለህ። ያ ሞተርህ ቢበዛ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። መንጃ ፈቃዱን በያዝህ ቀን 200 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ ብትቀመጥ ሕግ አይከለክልህም፤ ያ ሞተር በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል። እጅህ ግን ትናንት ትንሿን የያዘው እጅ ነው። በዚያው ቀን ሰው ከኋላህ ለመጫንም ተፈቅዶልሃል። እህትህን አስቀምጠህ ኃይልህን ልታሳያት ትነሣለህ። ይህ ድፍረት አይደለም፣ ትዕቢት ነው። ስለ ሕይወትህ የማታዝን ብትሆን እንኳ ስለ እሷ ማዘን ነበረብህ።

ወንድም፣ ጓደኛ፣ የማኅበር አባል የሆናችሁም አላመለጣችሁም። «አንድ ሺህ ሲሲ ካልሆነ ምን ሞተር ነው» ያላችሁት እናንተ ናችሁ። አደጋው ሲደርስ ደግሞ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ መዋጮ የምትሰበስቡት፣ ጥቁር ለብሳችሁ የምታለቅሱት እናንተው ናችሁ። ለሬሳ ሣጥን ለጋስ የሆነ ሰው ልጁ በሕይወት ሳለ «ቆይ፣ አልደረስክም» ለማለት ለምን ሰሰተ? እናቱ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ስልክ ይዛ ስትጠብቅ ማን ሊነግራት ነው? እናንተ ናችሁ የምትነግሯት።

ስለዚህ ንስሐ ግቡ። መጸጸት ብቻውን ንስሐ አይሆንም፤ ቀኖና አለው። የአሰልጣኝ ቀኖና ያልደረሰውን አልደረስክም ማለት ነው፤ ቢከፍልም፣ ቢቆጣም፣ ሌላ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ቢልም። በዝናብ አውጡት፣ በኩርባ አውጡት፣ አልገባኝም እስኪል ድረስ ጠይቁት፤ አልገባኝም ሲል ደግሞ አመስግኑት። ባለፈው ዓመት በሩጫ ያሳለፋችኋቸው ሰዎች ስልክ ቁጥር እጃችሁ ላይ አለ፤ ደውሉላቸውና ሳታስከፍሉ ግማሽ ቀን ከኋላቸው ንዱ። የለማጅ ቀኖና ፈቃዱን ካገኘ በኋላም በመጠነኛ ሞተር ዓመት መቆየት፣ እስከዚያም ሰው አለመጫን ነው። ባይክሴፍ የሚባል ፖሊሶች የሚያካሂዱት መርሐ ግብር አለ፤ ፖሊሱ ከኋላህ ሆኖ አነዳድህን አይቶ ጉድለትህን ይነግርሃል፣ ሊቀጣህ አይደለም። ሂድና ተመዘን። የጓደኛ ቀኖና ትልቁን ሞተሩን ለለማጅ አለማዋስ ነው፤ ቢቀየመውም።

እናንተ አሰልጣኞች፣ ለዚህ ሳምንት የፈተና ቀን ከያዛችሁላቸው መካከል እንዳልደረሰ በልባችሁ የምታውቁት ተማሪ አለ። ስሙንም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ደውሉለትና ቀኑን አስተላልፉ።