በርበሬና ባሕር

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ያለው ሰው ማድ ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ነው። ሽንኩርት ክተፉ፣ ቄጠማ ጎዝጉዙ፣ እሳት አንድዱ አላለም። እነዚህ ሰርገኛው ደጅ ላይ እየጨፈረም ይደርሳሉ። በርበሬ አይደርስም። ዛላው የማረቆም ይሁን የአላባ፣ መጀመሪያ ይቀነጠሳል፤ ከዚያ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፣ ታፍኖ ይሰነብታል፣ ዳግመኛ ይሰጣል፣ ኮረሪማውና አዝሙዱ ይጨመርበታል፤ ወፍጮ ቤት የሚሄደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሰማዩ ከደመነ ደግሞ ሁሉም በዚያው ልክ ይራዘማል። ተረቱ ከዚህ ረጅም ሥራ የመጀመሪያዋን ብቻ መርጦ ከሰርገኛው ዘፈን ጋር አገናኛት።

ስለዚህ ተረቱን በዘገየ ነገር ሁሉ ላይ መወርወራችን ልክ አይመስለኝም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ሰዓት ሩጫ ባየን ቁጥር እንጠቅሰዋለን። እዚያው ሰርግ ቤት ውስጥ ግን ሆን ተብሎ ለመጨረሻ የሚቆይ ሥራ አለ። ጠጁ ከሳምንታት በፊት ይጣላል፤ እንጀራው ግን ሊጡ ቀድሞ ቢቦካም የሚጋገረው ድግሱ ሲቃረብ ነው። ዋዜማውን ምጣድ ዙሪያ የሚያድሩትን ሴቶች «ለምን ዘገያችሁ?» የሚላቸው የለም። ቀድሞ ካልተጀመረ የማይደርስ ሥራ አለ፤ ቀድሞ ከተሠራ የሚበላሽም አለ። ተረቱ የሚናገረው ስለ ፊተኛው ነው፤ እኛ ግን ሁለቱንም እንወቅስበታለን።

ይህን ከማድ ቤት ውጭ ልፈትነው ብዬ በሸራ ጀልባ ወደ ደሴቶች የሚጓዙ ባልና ሚስትን መረጥኩ። ከወደብ ከወጡ በኋላ የረሱትን የሚበደሩበት ጎረቤት ስለሌላቸው ዝግጅት እዚያ ሳይሸፋፈን ይታያል።

ከፍሎሪዳ ወደ ባሃማስ የሚሻገሩትን እንውሰድ። ከማያሚ እስከ ቢሚኒ ደሴት ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ነው። መሃል ላይ ግን ገልፍ ስትሪም የሚባለው ኃይለኛ የባሕር ጅረት ወደ ሰሜን ይፈሳል። ነፋሱ ከሰሜን ሲነፍስ ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ይገጥምና ሞገዱ እጥር፣ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ለትንሽ ጀልባ ክፉ ነው። ስለዚህ የሚያውቁት ሰዎች ያ ነፋስ እስኪበርድና እስኪዞር ድረስ ወደብ ላይ ቀናት ይጠብቃሉ። የመነሻውን ሰዓት የሚቆርጠው የመጨረሻው የአየር ትንበያ ነው። ከወር በፊት ቀን ቆርጦ፣ የዕረፍት ፈቃዱ እንዳያልቅበት ብሎ የሚወጣ ሰው ቀድሞ በመወሰኑ ብቻ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። የስንቁም ነገር እንዲሁ ነው። አትክልቱ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቲማቲሙ ገና ያልቀላ፣ እንቁላሉም ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያልና። ካርቶኑ የበረሮ እንቁላል ይዞ እንዳይገባ ወደብ ላይ ይጣላል። የቆርቆሮ ምግቡ ወረቀት እርጥበት ሲያገኘው ስለሚላጥ በውስጡ ያለው ነገር በቀለም ቆርቆሮው ላይ ይጻፋል። ውሃው ይሞላል፣ የሞተሩ ዘይት ይታያል። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ያሉትን ባልና ሚስት ከሩቅ የሚያይ ሰው ተረቱን ሊጠቅስባቸው ይችላል። እኔ ግን ምጣድ ዙሪያ ካደሩት ሴቶች ለይቼ አላያቸውም። ምሰሶውን ወጥረው የያዙትን የብረት ሽቦዎች ጤንነት የሚመረምሩት በዚያ ምሽት ከሆነ ግን ተረቱ ልካቸው ነው።

በርበሬውና እንጀራው እንዴት እንደሚለያዩ ከሁሉ ይበልጥ ያሳየኝ የሞሪስና የማራሊን ቤይሊ ታሪክ ነው። በእንግሊዝ የደርቢ ከተማ ነዋሪ የነበሩት እነዚህ ባልና ሚስት ቤታቸውን ሸጠው ዘጠኝ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የሸራ ጀልባ ገዙ፤ የሁለቱን ስም አጣምረውም «ኦራሊን» አሏት። ለዓመታት ተዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በጁን 1972 ወደ ኒውዚላንድ ለመሄድ ተነሱ። ሰነፎች አልነበሩም፤ ተረቱን የሚጠቅስባቸው ሰው ባልተገኘ ነበር። አትላንቲክን አቋርጠው፣ በፓናማ ቦይ አልፈው ወደ ጋላፓጎስ ደሴቶች ሲያመሩ፣ ማርች 4 ቀን 1973 ንጋት ላይ ዓሣ ነባሪ ጀልባዋን መታና ከውሃው መስመር በታች በሳት። ቀዳዳውን በሸራና በትራስ ለመድፈን ቢሞክሩም አልተቻለም። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኦራሊን ሰጠመች።

ሰርገኛው መጣ ማለት ይህ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ምግብ፣ ውሃና ኮምፓስ እየነጠቁ እርስ በርስ ወደታሰሩት ሁለት የጎማ ጀልባዎች አሻገሩ። ዋና የማትችለው ማራሊንም እንደ ባሏ ስትሯሯጥ ነበር። የመጨረሻ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያለ እሱም በሕይወት ባልቆዩ ነበር። ግን አስተውሉ፤ የሚነጠቀው ነገር በጀልባዋ ላይ ስለነበረ ነው የተነጠቀው። የነፍስ አድኑን የጎማ ጀልባ በዚያች ሰዓት ማንም ሊሠራው አይችልም። የዓሣ መንጠቆ አጡ፤ እሱ ግን ኋላም ተሠራ፣ ማራሊን መርፌ ቁልፍ አጥፋ ሠራችው። በአንጻሩ መልእክት ማስተላለፊያ ሬዲዮ አልነበራቸውም። ረስተውት ወይም ገንዘብ አጥሯቸው አይደለም፤ ሞሪስ ከውጭው ዓለም ጣልቃ ገብነት ነጻ ሆኖ መጓዝ ስለፈለገ አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነበር። ሰባት መርከቦች ሳያዩዋቸው አለፉ። ርችቶቻቸው ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ አልሠሩም። ኤሊ፣ ዓሣና ወፍ ጥሬውን እየበሉ፣ የዝናብ ውሃ እያጠራቀሙ 117 ቀን በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ተንሳፈፉ። ጁን 30 ቀን 1973 ወልሚ 306 የተባለች የደቡብ ኮሪያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ አነሳቻቸው።

የሬዲዮው ነገር ተረቱን እንደገና እንዳነበው አስገደደኝ። «ቀንጥሱ» ትእዛዝ ነው፤ ለብዙዎች የተሰጠ። አዛዡ ግን ራሱ ሊቀነጥስ አልተቀመጠም። ሰርጉን የቆረጠው፣ ሽማግሌ የተቀበለው፣ የእንግዳውን ቁጥር የወሰነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ማድ ቤት ያሉት ከወር በፊት ተጠይቀው ቢሆን «በርበሬ የለንም» ይሉ ነበር። ስለዚህ መዘግየቱ የእነሱ ተቆጥሮ መዘለፋቸው በደል ነው ብዬ አምናለሁ። በብዙ ቤታችን እንዲህ ነው የሚሆነው፤ አንዱ ያቅዳል፣ ሌላው ይደርሳል፣ ሲጎድል የሚወቀሰው ደራሹ ነው። ባለ ዘጠኝ ሜትሯ ጀልባም ላይ ነጻነቱን የመረጠው አንድ ሰው ሆኖ፣ ዋጋውን ግን ሁለቱም እኩል ከፈሉት። መንጠቆውን ያጠፈችው የማራሊን እጅ ሬዲዮ መሥራት አይችልም። የሬዲዮው ጉዳይ ጊዜው ደርቢ ላይ፣ ባልና ሚስት ዝርዝሩን ፊታቸው አድርገው በሚከራከሩበት ምሽት ነበር። እውነተኛው የመቀንጠሻ ሰዓትም ያ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ድምፅ ያላቸው፣ አንዱ «ይቅር» ሲል ሌላው «ለምን?» ማለት የሚችልበት።

ተረቱን ግን አልጥለውም፤ በእነዚሁ ሰዎች ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስደንቀኝን ነገር ያስተዋልኩት በእሱ ነውና። በዚያች የጎማ ጀልባ ላይ፣ አየሯ እያመለጠ ደጋግመው እየነፉ፣ በረሃብ እየከሱ ሳለ፣ ሞሪስና ማራሊን የሚቀጥለውን ጀልባቸውን ያቅዱ ነበር። ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ምን እንደሚሰነቅ፣ ለእንግዶቻቸው ምን ዓይነት ምግብ እንደሚያቀርቡ ሳይቀር እየተነጋገሩ በወረቀት ያሰፍሩ ነበር። ለዚያ ጉዞ የተቆረጠ ቀን አልነበረም፤ በሕይወት የመትረፋቸው ነገርም ገና አልታወቀም። ይህን ዕቅድ ግን እያንዳንዱን ነገር አንስተው አብረው አወጡት። «ኦራሊን 2» ተሠርታ ወደ ፓታጎንያ የተነሱት በ1975 ነው።