አሮጌ ዛፍ ለጥላ ነውን ወይስ ለምስል?

በዚህ ዘመን ትንንሽ ከተሞች እንግዳ እንዲመጣላቸው ሲሹ፥ በአደባባያቸው የቆመውን አሮጌ ዛፍ በጠራቢ እጅ የሰው ወይም የአውሬ ምስል ያደርጉታል። በካናዳ አገር ትሩሮ የምትባል ከተማ የኤልም ዛፎቿ በደዌ ቢሞቱባት፥ ግንዳቸውን አስቀርጻ መንገደኛ የሚያየው ነገር አደረገችው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ያለችው ማክሰኝትም ብዙ እንግዳ የሚያልፋት እንጂ የሚያድርባት አይደለችም። እንዲህ ያለ ምክር ቢቀርብላት ፍርዱ ምን ይሆን?

ጥርብ ሁሉ ነውር ነው የሚል ቢኖር አይደመጥም። ከበሮውም መስቀሉም የቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ከእንጨት የወጣ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም የነቀፈው መጥረቡን አይደለም፤ በግማሹ እንጨት እንጀራ ጋግሮ እሳት ሞቆ፥ ለቀረው ግማሽ የሚሰግደውን ነው እንጂ። የዛሬው ከተሜ ለምስሉ አይሰግድም፤ በምስሉ ለሚመጣው ብር ይሰግድ እንደ ሆነ ግን ራሱን ይጠይቅ።

ነገሩ የሚከፋው ዛፉ ሕያው ሲሆን ነው። ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ከልጡ ጋር በተያያዘችው ስስ ክፍል ነውና፥ ጠራቢው ዙሪያዋን ከላጣት ዛፉ ለጊዜው እንደ ለመለመ ቢታይም ሞቱ አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ከታች ምስጥ ይበላዋል፥ ከላይም ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። በዋርካ ሥር ግን ሽማግሌዎች ደም ያስታርቃሉ፤ ገበያተኛው አህያውን አስሮ ያርፋል፤ እናት ልጇን ታጠባለች። ምስሉ በቆመ ጊዜ ትርፉ ለሆቴል ቤቱ ጌታ ይገባል፤ ጥላውን የሚያጣው ግን ከቈላ ሸክም ይዞ የመጣው ድኻ ነው፤ እርሱንም በምክሩ ቀን የጠራው የለም።

ለእንግዳ የሚታይ ከተፈለገ ጎንደር ቅርብ ናት። በፋሲል ጥምቀተ ባሕር የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን ቅጥር እንደ እጅ ጣት ጨብጦት ይታያል፤ ማንም ጠራቢ አልነካውም። ስፍራውም ከፋሲል ግቢ ጋር እንደ ኤውሮጳ ቍጥር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

ስለዚህ በራሱ ጊዜ የደረቀ ግንድ ቢገኝ ተቈርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁምና ይጠረብ፤ በስፍራውም ሌላ ዋርካ ይተከል። ሕያው የሆነውን ግን እስኪደርቅ ይጠብቁት፤ የተተከለው ችግኝ ገበያተኛ የሚያስጠልል እስኪሆን ድረስ የጠራቢውም ልጅ ይሸብታልና።