መምህር ለመሆን ስንመርጥ ምስክራችን ማን ነው?



ባለፈው እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የተከራከርንበትን ጉዳይ በዚህ ገጽ ልናካፍላችሁ ወደናል። ክርክሩን የጀመርነው ሦስት ሆነን ነው። ሦስታችንም በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ እንገኛለን፤ ሦስታችንም በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሕፃናት ክፍል እናገለግላለን። አንደኛው ፊዚክስ ያጠናል፤ ሲመረቅ ወደ መምህርነት ሥልጠና ለመግባት አስቧል። ሁለተኛዋ የሒሳብ ተማሪ ናት፤ እንግሊዝ አገር የሚኖሩት አክስቷ «ዲግሪሽን ይዘሽ ነዪ፣ እዚህ የሒሳብ መምህር ይፈለጋል» ብለው ጽፈውላታል። ሦስተኛው ደግሞ «ሌላ ሥራ እስካገኝ ድረስ አስተምራለሁ» ይላል።

ይህን ባለ ጊዜ ከመካከላችን አንዷ «እስከዚያ ድረስ ፊትህ የሚቀመጡት ልጆችስ?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም፤ እኛም ልንመልስለት አልቻልንም። እነሆ ጽሑፋችን ከዚህች ጥያቄ ተነሣ። ሌላው በር ሲዘጋ መምህር መሆን በደል ነውን? በአገር ተምሮ በባዕድ አገር ለማስተማር መሄድስ ክህደት ነውን?

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በየቤታችን መምህር ይከበራል፤ ይሁን እንጂ ልጁ መምህር እንዲሆንለት የሚመኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ልንሆን ነው ብንል እናቶቻችን እልል ይላሉ፤ መምህር ስንላቸው ግን «ምነው ልጄ፣ ውጤት አነሰህ እንዴ?» ብለው ይጠይቁናል። ይህን የሚሉት መምህርን ንቀው አይደለም። የቤት ኪራዩንና የጤፉን ዋጋ ስለሚያውቁ፣ የመምህር ደመወዝ ወሩን እንደማያዳርስ በጎረቤታቸው ስላዩ ነው። ስለዚህ ገንዘብን ማሰብ ኃጢአት እንደ ሆነ አድርገን ልንሰብክ አንነሣም። የተራበ መምህር ጥሩ ያስተምራል ብሎ መጠበቅም ግብዝነት ነው።

አሁን መንገዶቹን እንመልከት፤ መንገዱን ሳያውቁ ስለ ምርጫ መናገር ከንቱ ነውና።

በአገራችን የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጣውያን ነበሩ። የራሳችንን መምህራን በዘመናዊ መልክ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1936 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የነበሩት ዓመታት ሌሎች ወደ እኛ እየመጡ ያስተማሩባቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሥልጠናው መንገድ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የተዘረጋው ሥርዓት በመጀመሪያ በአንድ የትምህርት ዓይነት ዲግሪ መያዝን፣ ከዚያም የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ መጨመርን የሚጠይቅ ነበር። የዚህ መንገድ በጎነቱ ሰውየው ፊዚክሱን ጠንቅቆ ካወቀ በኋላ የማስተማርን ጥበብ እንዲማር ማድረጉ ነው። አደጋው ደግሞ መምህርነት የሚታሰበው በመጨረሻ፣ ሌላ ሥራ ፍለጋ ተንከራትቶ ከታጣ በኋላ ሊሆን መቻሉ ነው።

በእንግሊዝ አገርም መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከዲግሪ በኋላ አንድ ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና አለ። በዚህ ላይ ግን እኅታችንንም ሆነ ሌሎችን ልናስጠነቅቅ የሚገባን ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ፒ.ጂ.ሲ.ኢ. የሚባለው የምስክር ወረቀትና መንግሥት የሚሰጠው የብቁ መምህርነት ማዕረግ አንድ አይደሉም። ወረቀቱን ሰጥተው ማዕረጉን የማያሰጡ ትምህርቶች አሉ። ይህን ሳይጠይቅ ገንዘቡን የከፈለ ሰው በመጨረሻ ሊያዝን ይችላል። ማዕረጉን የሚያሰጠው ሥልጠና ቢያንስ 24 ሳምንታት በትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከሁለት ባላነሱ ትምህርት ቤቶች ማስተማርን ይጠይቃል። በአሜሪካ ደግሞ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስለ ሆነ፣ በአንዱ የተሰጠው በሌላው በቀጥታ ላይሠራ ይችላል። ከውጭ የመጣ ዲግሪም በቅድሚያ ተመዝኖ አቻነቱ መታወቅ አለበት። በፊንላንድ የክፍል መምህር ለመሆን የማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ወደ ሥልጠናው ለመግባት የሚያመለክተው ብዙ፣ የሚመረጠው ጥቂት ነው።

እነዚህን መንገዶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ የጋራ ነገር አገኘንባቸው። ዕውቀት ያለው ሰው ሁሉ መምህር ነው የሚል አገር የለም። ሁሉም በልማድ ጠቢብ በሆነ መምህር ሥር ሆኖ በልጆች ፊት መቆምን ይጠይቃሉ።

ይህ ለእኛ አዲስ ሊሆንብን አይገባም ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ቀድሞ የገባው ተማሪ አዲስ የመጣውን ያስቀጽላል፤ እየተማረ ያስተምራል። ድጓን የዘለቀ ደቀ መዝሙር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን የተማረ ወደ ዙር አባ ሄዶ ያስመስክራል። «አስመሰከረ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። በመምህሩ ፊት ተቀምጦ፣ ስሕተቱ እየታረመ፣ በቅቷል የሚል ሰው እስኪገኝለት ድረስ ይቆያል። እኛ ዛሬ «የምስክር ወረቀት» እያልን ወረቀቱን ስንይዝ፣ መስካሪውን ረሳነው ማለት ነው። ስለ እኛ የሚመሰክረው ማን ነው? በማን ፊትስ ነው የሚመሰክረው?

በዚህ ላይ ከራሳችን ሕይወት አንድ ነገር እንጨምር። ከሦስታችን ሁለታችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበርን። በዐሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማሩን የፊዚክስ መምህር ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አይሳደቡም፣ አይማቱም። ነገር ግን ወደ ሥራው ሳይወዱት እንደ ገቡ ራሳቸው ነግረውናል። የሚከብዳቸው ምዕራፍ ሲደርስ «ይህንን ቤታችሁ አንብቡ» ብለው ያልፉት ነበር። ጥያቄ ስንጠይቃቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። እኛ በጊዜው ትርፍ ሰዓት አገኘን ብለን ደስ ብሎን ነበር። በኋላ፣ በዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ዓመት፣ የተዘለለው ምዕራፍ ከፊታችን ቆሞ አገኘነው። ከእኛ ጋር የነበሩ፣ አስጠኚ ለመቅጠር አቅም ያልነበራቸው ጓደኞቻችን ግን እዚያ ድረስ እንኳ አልደረሱም።

የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ይህን ሁሉ በመምህራን ላይ መጣል ትልቅ ግፍ ነው። መጽሐፍ የጠፋበት፣ ጦርነት ያለፈበት፣ በአንድ ክፍል ሰባና ሰማንያ ልጅ የታጨቀበት ስንት ትምህርት ቤት አለ! ይሁን እንጂ መምህር ለመሆን የምናስብ እኛ፣ ከዚህ ቁጥር ውስጥ የእኛ ድርሻ ሊሆን የሚችለውን ሳናስብ ማለፍ አንችልም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ወጣት ሥራ አጥቶ ሱቅ ቢጠብቅ፣ ሥራውን ባይወደው የሚጎዳው በአብዛኛው ራሱና አሠሪው ነው፤ ሁለቱም ተዋውለዋል። መምህር ሳይወድ ቢያስተምር ግን የሚጎዳው በውሉ ውስጥ ያልነበረው ሕፃን ነው። ሕፃኑ መምህሩን አልመረጠም፤ ያለፈው ዓመትም ተመልሶ አይሰጠውም። ሐዋርያው ያዕቆብ መምህራን የባሰ ፍርድ እንደሚጠብቃቸው ያስጠነቀቀው በከንቱ አይደለም።

ሆኖም ወንድማችን ለክርክራችን የሰጠውን መልስ በሐቅ ልናስቀምጥ ይገባል። እንዲህ አለን፦ «ሁሉም ተጠርቶ ነው የሚገባው ብትሉ ትምህርት ቤቶቹ ይዘጋሉ። ፍቅርስ በሥራ ውስጥ አይመጣምን?» እውነት አለው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ግዴታ ሲጣልባቸው አብዛኞቹ የተላኩት ለማስተማር ነበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ወጣቶች ወደ ገጠር የወረዱት ታዘው ነው። በእነዚያ ጊዜያት ከሄዱት ታላላቆቻችን መካከል «ሄጄ ባላይ ኖሮ አገሬን አላውቃትም ነበር» የሚሉ አጋጥመውናል። ሳይመርጡ ሄደው ሥራው የመረጣቸው አሉ።

ስለዚህ ከብዙ ክርክር በኋላ የደረስንበት ይህ ነው። በችግር ምክንያት ወደ መምህርነት መግባት በደል አይደለም። በደሉ ከገቡ በኋላ በእንግድነት መቀመጥ ነው። ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያስተምር ሰው እንኳ ለሁለቱ ዓመት ሙሉ መምህር የመሆን ዕዳ አለበት፤ የማያውቀውን ምዕራፍ ሌሊት አጥንቶ መግባት፣ የልጆቹን ስም ማወቅ፣ የተረከበውን ክፍል በዓመቱ አጋማሽ ጥሎ አለመሄድ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ግን ሌላ እንጀራ ቢፈልግ ለራሱም ለልጆቹም ይሻላል።

ስለ ውጭ አገሩስ? አንዳንድ ወገኖች የሄደውን ሁሉ ከዳተኛ ይሉታል። እኛ ይህን አንልም። ከግብፅ መጥተው አባቶቻችንን ያስተማሩት፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ከአሜሪካ በሰላም ጓድ መጥተው በየአውራጃው ያስተማሩት አገራቸውን ክደው አልነበረም። በባዕድ አገር ያለ ሕፃንም ሕፃን ነው። ከዚህም ሌላ በዚያ የሚያድጉ የእኛው ልጆች አሉ፤ በየሰንበቱ ፊደል የሚያስቆጥራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ነገር ግን የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። አንደኛው፣ የተማርነው በገበሬውና በነጋዴው ግብር መሆኑን ነው። ዕዳው በአንድ መንገድ ብቻ አይከፈልም፤ ዕዳ የለም ማለት ግን ሐሰት ነው። ሁለተኛው፣ የምንሄደው ለማስተማር ነው ወይስ መምህርነትን የመግቢያ ቪዛ ለማድረግ? መልሱ የኋለኛው ከሆነ፣ በእንግሊዝ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ልጅ የሚደርስበት፣ በእኛ ላይ የደረሰው ነው።

ታዲያ ቅጹን ከመሙላታችን በፊት ራሳችንን በሦስት ነገር ልንፈትን ተስማምተናል። የመረጥነውን ትምህርት እንደገና ከመጀመሪያው ለመማር ትዕግሥቱ አለን? በልጆች ፊት ቆመንስ እናውቃለን? ይህኛው ምክንያት አይቀርብበትም፤ የሕፃናት ክፍላችን በየሳምንቱ ሰው ይፈልጋል፣ የስምንተኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞችም የሚያስጠናቸው አጥተዋል። በመጨረሻም መምህር የምንሆንበትን ምክንያት በተማሪዎቻችን ፊት ሳናፍር ልንናገረው እንችላለን?

ፊዚክስ የሚያጠናው ወንድማችን ቅጹን ሞልቷል። እኅታችን ለአክስቷ ጽፋ ሥልጠናው ማዕረጉን የሚያሰጥ መሆኑን እስኪያጣሩላት ትጠብቃለች፤ እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ለተፈታኞቹ ሒሳብ ልታስጠና ተነሥታለች። ሦስተኛው ገና አልወሰነም። በዚህ እሑድ ግን በሕፃናት ክፍል ተራው የእርሱ ባይሆንም ቀድሞ መጥቶ፣ ጠመኔውን ይዞ፣ በራፉ ላይ ቆሞ አገኘነው። ከእናንተም መካከል በዚህ ነገር የሚቃወመን ወይም የሚጨምርልን ካለ፣ በሚቀጥለው እሑድ በዚያው አግዳሚ ላይ እንጠብቃለን።