ዲቪ ለደረሰው የፈረንሳይ ልጅ

ልጄ፣ ቪዛህ መመታቱን እናትህ ነገረችኝ፤ እንኳን ደስ ያለህ። ሻንጣህን የሚሞላልህ አታጣም፤ በርበሬውም ሽሮውም ይታሰርልሃል። እኔ የማስይዝህ ምክር ብቻ ነው። ባለፈው ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆመህ «እዚያ ስሄድ ከጥቁሮቹ ጋር አልገጥምም፤ እኛ ሐበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» ስትል ሰምቼሃለሁ። ይህን ስትናገር የለበስከው ካናቴራ ላይ የቱፓክ ፎቶ ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ዘፈናቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ የፀጉር አቆራረጣቸውን ወስደህ ባለቤቶቹን ከናቅህ፣ ያ ወርቅ አንገትህ ላይ ያሳፍርሃል።

እስቲ ቁጭ በል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እነግርሃለሁ፤ ከእንግዲህ የምትኖረው በነሱ ነውና።

በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁር ሰው የሚሳለቁበት ትርኢት ገነነ። ቡሽ ያቃጥላሉ፤ ከሰሉን ፈጭተው በውሃ ወይም በቅባት ይለውሱና ፊታቸውን ይለቀልቃሉ፤ ከንፈራቸው ወፍሮ እንዲታይ ዙሪያውን ይተዉታል። ባንጆ ይዘው ይወጣሉ፤ እየተንገዳገዱ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ ታዳሚው በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ዘፈን ምን ብለው ጠሩት መሰለህ? የኢትዮጵያ ዜማ! በ1844 ዋይት ሐውስ ገብቶ በፕሬዚዳንት ታይለር ፊት የተጫወተው ቡድን ስሙ «ኢትዮፒያን ሴሬናደርስ» ነበር። አባላቱ ነጮች ናቸው። ለዚያ ተመልካች ጎንደርና ጆርጂያ አንድ ነበሩ። እንግዲህ «እኔን አይመለከተኝም» የምትለው ስድብ ገና ከጥንቱ የተሰደበው በአንተ ስም ነው።

(ስም ከሌላ መቀበልማ ለኛ ብርቅ አይደለም። አንድም ፈረንሳዊ ዘመድ ሳይኖረን በሰፈራችን ስም ሁላችን «የፈረንሳይ ልጅ» እንባላለን።)

ያው የኢትዮጵያ ስም በጥቁሮቹ እጅ ሲገባ ግን ክብር ሆነ። በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ ያቋቋሙትን ቤተ ክርስቲያን «አቢሲኒያን ባፕቲስት» አሉት፤ በ1954 ጃንሆይ እዚያው ሐርለም ድረስ ሄደው መስቀል ሰጥተውታል። በ1906፣ ማለትም ዐድዋ በሆነ በ10 ዓመቱ፣ በርት ዊልያምስና ጆርጅ ዎከር የተባሉ ጥቁር ከያንያን ብሮድዌይ ላይ «አቢሲኒያ» የተባለ የሙዚቃ ትያትር አሳዩ። አንተ ሎተሪ ደርሶህ ወደነሱ ትሄዳለህ፤ በዚያ ትያትር ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊ ሎተሪ ደርሶት ወደኛ አገር ይመጣል! ምኒልክም በመድረኩ ላይ አሉ፤ እኛ አሁን ቁጭ ካልንበት ሽቅብ እንጦጦ ላይ ቤተ መንግሥታቸው ያለው ምኒልክ። የሚያሳዝነው ዊልያምስ ነው። ራሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ ሕዝብ እንዲስቅለት ፊቱን በቡሽ ከሰል መልሶ ያጠቁር ነበር። በገዛ መልኩ ላይ የገዛ መልኩን ማላገጫ ቀብቶ መድረክ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ እስቲ አስበው።

በ1935 ጣሊያን ሲወረን ደግሞ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አብራሪ ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ በረረ፤ በኋላም ተመልሶ መጥቶ፣ በ1954 የሞተው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ከነሱ ጋር አልገጥምም» ማለት ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው። ደግሞ ይህ ንቀት በቤታችንም አለብን። ቆዳው የጠቆረውን ወገናችንን በምን ዓይነት ቃል ስንሰድብ እንደኖርን አንተም ታውቃለህ። ያን ቃል በሻንጣህ ይዘህ እንዳትሄድ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በሐሰተኞቹ «ኢትዮጵያውያን» ፋንታ በ1966 ሙላቱ አስታጥቄ ኒው ዮርክ ላይ ከፖርቶ ሪኮ ልጆች ጋር ሆኖ «ኢትዮፒያን ክዊንቴት» በሚል ስም ሸክላ አሳተመ። ስሙ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ግን ልብ በል፣ ሙላቱ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ነው የመለሰው።

የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማም በ1967 ትያትር ሊማር ቺካጎ ገባ። በ1993 ስለ ባርነት «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም ሠራ። አከፋፋዮች አንወስድም ሲሉት እሱና ጥቁር አሜሪካዊት ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ፊልሙን ይዘው ከከተማ ከተማ እየዞሩ አሳዩት፤ ጥቁሩ ሕዝብም ወጥቶ አየላቸው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ከሚል ሰው፣ ቁስሉን የራሱ ያደረገው ኃይሌ ለአገሩ የበለጠ ስም አተረፈላት እላለሁ።

አክስትህ ያለችው ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የሚባል መጻሕፍት ቤት አለ፤ ባልና ሚስቱ የከፈቱት ነው፤ ቡናም ይሸጣል። በገባህ በመጀመሪያው ወር ሂድ። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ከየት ነህ ቢልህ «ከኢትዮጵያ» በለው፤ ከዚያ አንተም ስለ አያቶቹ ጠይቀው፣ ሳታቋርጠውም ስማው። ለእናትህ ደግሞ በየሳምንቱ ደውል።