የብርሃኑን ዋጋ ማን ይክፈል?

እስቲ ነገሩን በጥያቄ እንጀምረው። በሄሰልቢ ጎርድ አደባባይ፣ ወይም ከሄሰልቢ ስትራንድ ወረድ ብሎ ከሜላረን ሐይቅ ዳር፣ ሲመሽ የሚበራና ድምፅ የሚያሰማ አንድ ትልቅ ሐውልት ሊቆም ነው ይባል እንበል። መልእክቱም "ውኃውንና አየሩን እንጠብቅ" የሚል ነው። ለማሠሪያው ገንዘብ ያዋጣሉ? ከማኅበራችን ካዝና ይሰጥ ቢባልስ እጅዎን ያወጣሉ?

የአብዛኞቻችን መልስ ከወዲሁ ይታወቃል። "አገር ቤት ያለው ወገን አንድ እንስራ ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን እየተጓዘ፣ እኛ እዚህ ለመብራት ጌጥ ገንዘብ እናወጣለን?" እንላለን። ሌላውም ቀጠል አድርጎ፣ "ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምርበትን ክፍል ኪራይ እንኳ በጭንቅ አይደል የምንከፍለው!" ይላል። ይህ የክፉ ሰው መልስ አይደለም። ገንዘቡ በሌሊት ጽዳት፣ በአረጋውያን እንክብካቤና በአውቶቡስ መሪ ላይ የተገኘ ነው። እያንዳንዱ ክሮና ከመውጣቱ በፊት እናትና ወንድም ይታሰቡበታል። ስለዚህ ተቃውሞውን ሳናቃልል እንመርምረው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ የማን ነው? የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1937 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመንግሥት ሕንፃ ሲሠራ ከወጪው አንድ በመቶ ያህሉ ለኪነ ጥበብ እንዲውል የሚል መመሪያ አወጣ። አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም ኋላ ብዙ ኮሙኖች፣ ስቶክሆልምም ጭምር፣ ተከትለውታል። በየቱነልባናው ጣቢያ የምናየው ሥዕልና ቅርጽ፣ በየትምህርት ቤቱ ደጅ የቆመው ሐውልት የመጣው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ግብራችንም አለበት። ከ2016 እስከ 2018 ደግሞ የመንግሥት የኪነ ጥበብ ምክር ቤት እንደ እኛ ሰፈር ባሉ የከተማ ዳር መኖሪያዎች፣ ነዋሪው ራሱ ሐሳብ እያቀረበ ሥራዎች እንዲቆሙ አድርጓል። እንግዲህ "ምን አገባን?" ማለት አያስኬድም። ከፍለናል። ያልከፈልነው የስብሰባውን ሰዓት ነው፤ እኛ በሌለንበት ስብሰባ ደግሞ ሌላው ይወስንልናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። እንጀራ የጎደለበት ሰው እያለ ለሚያምር ነገር ገንዘብ ማውጣት ይገባል? ለዚህ መልስ ፈረንጅ ዘንድ መሄድ አያስፈልገንም፤ ሕዝባችን በየመስከረሙ ይመልሰዋል። ደመራ ምንድን ነው? በአደባባይ የሚቆም፣ በብርሃንና በዝማሬ የሚታጀብ የጋራ ሥራ ነው። ድኻው መንደር እንጨቱን ሸጠን እህል እንግዛበት አላለም። (እንጨት ማቃጠል ለአየሩ አይበጅም የሚል አንባቢ ቢኖር ልክ ነው፤ እዚህ የምመለከተው ግን አከፋፈሉን ነው።) የደመራን ወጪ አንድ ባለጸጋ ችሎ ሌላው ቆሞ አይመለከትም። እያንዳንዱ ቤት ችቦውን ይዞ ይመጣል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የተባለው ለዚህ ነው። ሰው ደመራውን "የኛ ነው" የሚለው ከቤቱ የወጣ እንጨት ስላለበት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ውበት ይገባናል አይገባንም ሳይሆን ዋጋው እንዴት ይከፈል የሚለው ነው። በተለይ ሐውልቱ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚናገር ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። "ቆጥቡ፣ አታባክኑ" ብሎ የሚመክር ሰው ራሱ ምን እንደተወ ይጠየቃልና።

ከዓለም አንድ ምሳሌ እናንሣ። ኦላፉር ኤሊያሶን የተባለው የዴንማርክና የአይስላንድ ተወላጅ አርቲስት እ.ኤ.አ. በ2015 የአየር ንብረት ጉባኤው በፓሪስ ሲካሄድ፣ ከግሪንላንድ 12 ትልልቅ የበረዶ ግግሮች አስመጥቶ በአደባባይ እንደ ሰዓት ክብ ደረደራቸው። ብርሃን በበረዶው ውስጥ ያልፋል፤ ሲቀልጥ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የታመቀው አየር እየፈነዳ ይንጣጣል። ሰዉም ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር። ወጪውን የሸፈነው የአሜሪካዊው ቱጃር የብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በረዶውን ለማጓጓዝና ለማቆም ወደ 30 ቶን የሚጠጋ የካርቦን ልቀት መድረሱ ተሰልቶ ለሕዝብ ተነገረ።

ሒሳቡን በግልጽ ማውጣታቸው ያስመሰግናል። ነገር ግን ተመልካቹ አየ፣ አዘነ፣ ፎቶ አነሣ፣ ሄደ። የከፈለው ነገር የለም።

እዚሁ አርቲስት ዘንድ ሌላ ዓይነት አከፋፈል እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2012 "ሊትል ሰን"፣ ማለትም "ትንሿ ፀሐይ" የተባለች በፀሐይ ኃይል የምትሠራ የእጅ መብራት ከአንድ መሐንዲስ ጋር ሆኖ አወጣ። መልኳ የኛን አደይ አበባ ያስታውሳል፤ መጀመሪያ ከተሞከረችባቸው አገሮችም አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በሀብታም ከተማ የሚገዛት ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል፤ ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ በአቅም ትሸጣለች። እዚህ ላይ ብርሃኑም፣ መልእክቱም፣ ክፍያውም አንድ ሆኑ። ልዩነቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በስዊድን የሚኖር አንድ ሰው በሚበላው፣ በሚለብሰው፣ በሚጓዘው ሁሉ ተሰልቶ በዓመት 8 ቶን ያህል ልቀት ያደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሰው ከነዳጅ የሚያደርሰው የአንድ ቶን ሩብ አይሞላም፤ አለካኩ ቢለያይና የእርሻውና የከብቱ ቢታከልበት እንኳ ከስዊድኑ አይደርስም። ሆኖም ከ2020 እስከ 2023 አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከድተው በቦረናና በሶማሌ ከብቱ ሲያልቅ፣ ዋጋውን የከፈለው ያ ትንሽ የሚያደርሰው ሰው ነው።

እኛ በዚህ ሚዛን የት ነን? አውሮፕላን እስከ ተሳፈርንበት ቀን ድረስ በአንደኛው ወገን ነበርን። ዛሬ ቤታችን ክረምቱን ሙሉ ይሞቃል፤ ፍሪጃችን ሙሉ ነው፤ በየሁለት ዓመቱም አገር ቤት ደርሰን እንመለሳለን። ልባችን ከተበዳዩ ጋር ነው፤ ኑሯችን ከበዳዩ ጋር። ይህን ስል ለመውቀስ አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን በቤተሰብ የሚያውቅ ሰው በዚህች ከተማ ብዙ አለመኖሩን ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ስለ አካባቢ የሚናገር ሐውልት በሄሰልቢ ቢቆም፣ ከማንም ይልቅ የምንለው ያለን እኛ ነን። ሰፈሩም ታሪክ አለው፦ በሎቭስታ የከተማው ቆሻሻ ለረጅም ዘመን ተጥሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተው የሄሰልቢ የሙቀት ማመንጫም ወደ እንጨት ከመዞሩ በፊት ዘይት ያቃጥል ነበር። ልጆቻችን የሚዋኙበትና ውኃው ተጣርቶ በቧንቧችን የሚመጣው ሜላረንም ከሥሩ ነው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። እናዋጣ፤ ግን በትንሹና በውል። በመጀመሪያ፣ ሐውልቱ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው አስቀድሞ ይነገረን፤ በሁለተኛው ዓመት ጨልሞ የሚቀር መብራት ራሱ ብክነት ነውና። ሁለተኛ፣ ሌሊት ይጥፋ፣ ድምፁም ይቁም፤ የሌሊት ሥራ የሚሠራውም፣ ወፉም እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ አየሩን ያበላሸ ኩባንያ ስሙን ሊያጥብበት አይክፈል፤ ይህ ንስሐ ሳይገቡ ጧፍ እንደ ማብራት ነው። አራተኛ፣ ለዚህ ብርሃን ለምንሰጠው ለእያንዳንዱ ክሮና አንድ ክሮና ለአገር ቤት ውኃ ጉድጓድ እናስቀምጥ። እንዲህ ከሆነ "እዚያ ወይስ እዚህ?" የሚለው ጭቅጭቅ ያበቃል።

ድምፅ ይኖረዋል ካሉን ደግሞ፣ ከድምፆቹ አንዱ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሁን ብለን እንጠይቅ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አያውቁትም። ለእኛ ግን የአዝመራ ዜና ነበር፤ ሲዘገይ ደግሞ የአባቶቻችን ፊት ይለወጥ ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ወረቀቱ የመጣ ዕለት "ስንት ነው?" ብለው ከመጠየቅዎ በፊት፣ "እኔስ ከቤቴ የማመጣው ችቦ የትኛው ነው?" ብለው ይጠይቁ። አንድ የአውሮፕላን ጉዞ መተው ሊሆን ይችላል፤ አንድ ምሽት ስብሰባ መገኘት ሊሆን ይችላል፤ ሃምሳ ክሮናም ሊሆን ይችላል። ምንም ሳያመጡ ዳር ቆሞ መሞቅ ግን በእኛ ባህል እንኳ ነውር ነው።