ዱቄቱን ሰጥቶ ሥሩን መሰወር ይገባልን?

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበው ሶርስ ኮድ የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው ከዚሁ ተለውጦ መኪናው ብቻ እንዲፈጽመው የተዘጋጀ የቍጥር ክምር ነው። ሁለተኛውን ብቻ የተቀበለ ሰው፥ የተወቀጠ መድኃኒት ይዞ ከምን ሥርና ከምን ቅጠል እንደ ተቀመመ የማያውቅ በሽተኛን ይመስላል፤ ይገለገልበታል እንጂ ጕድለቱን ሊያርም አይችልም።

ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ይህን አይቶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ አወጣ፤ ሁለተኛው እትም በ1991 ተከተለ፤ የሊኑክስም አስኳል እስከ ዛሬ በዚሁ በሁለተኛው ይተዳደራል። ፈቃዱ መቅዳትን፥ ማሻሻልን፥ መሸጥንም እንኳ አይከለክልም። ፕሮግራሙን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ግን ሶርስ ኮዱን አብሮ ይስጥ፥ ወይም ለጠየቀ ሁሉ እሰጣለሁ የሚል፥ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ያኑር ይላል። በቤቱ ብቻ የሚገለገልበት ዕዳ የለበትም፤ ዕዳው የሚወለደው በማስተላለፍ ነው።

ከዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎች፥ «እኔ አንዲት ፊደል አልነካሁም፤ እንዳገኘሁት ሸጥሁ፤ ስለ ምን ባለዕዳ እሆናለሁ?» ይላሉ። ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ዕዳው ስለ መለወጥ የሚከፈል ካሳ ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው በጸና ነበር፤ ነገር ግን ዕዳው ለተቀባዩ ነው፤ ተቀባዩም ሻጩ ለወጠ አልለወጠ ሶርስ ኮዱን ያው ይሻዋል። «ከመጀመሪያው ባለቤት ሄደህ ፈልግ» ማለትም ለሚነግድበት ሰው አይበቃውም፤ የባለቤቱ ሥራ ዘወትር ይታደሳልና፥ ከዚያ የሚገኘው በተሸጠው ዕቃ ውስጥ ካለው ጋራ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሌሎችም፥ «ገዢው ማንበብ አያውቅም፤ ጽሑፉ ምን ይረባዋል?» ይላሉ። ይህ ከፊተኛው የከፋ ነው። ገበሬው ፊደል አልቈጠረምና የርስቱ ውል አይሰጠው የሚል ዳኛ ማን ይቀበለዋል? ራሱ ባያነብ ለሚያነብለት ያሳየዋል።

ለዚህም የ2003 ነገር ምስክር ነው። ሊንክሲስ የተባለው ኩባንያ ደብልዩአርቲ54ጂ በሚለው ራውተሩ ውስጥ ሊኑክስ እንዳለበት ዐዋቂዎች መርምረው ደረሱበት፤ ሶርስ ኮዱ ግን አልተሰጠም ነበር። ብዙ ከተጠየቀ በኋላ ኩባንያው አወጣው። በ2004 ከዚሁ ጽሑፍ ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው ሥራ ተነሣ፤ ፋብሪካው ያላሰበውንም አገልግሎት ለዚያች ትንሽ ሣጥን ሰጣት፤ ዛሬም ለብዙ ዐይነት ራውተር ይሆናል። የደከሙበት ጥቂቶች ናቸው፤ የተጠቀሙበት ግን አንድ መስመር እንኳ ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ክርክሩ በዚያ አላለቀም፤ የነጻ ሶፍትዌር ድርጅት የሊንክሲስን ባለቤት ሲስኮን በ2008 መጨረሻ ከሰሰ፥ በ2009 በስምምነት ተጨረሰ።

ፕሮግራሙን ከቤቱ ሳያወጣ በኢንተርኔት ከሩቅ ስለሚያገለግልበትስ ምን እንላለን? ዱቄቱ ከእጁ አልወጣምና ጂፒኤል አይይዘውም። ስለዚህ አፌሮ ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ በ2007 ወጣ፤ ፕሮግራሙን ለውጦ ሰዎችን በመረብ የሚያስገለግል ሁሉ ለእነርሱም ሶርስ ኮዱን ያቅርብ ይላል። ለእኔ ይህ የተገባ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች ግን በዚህ ፈቃድ የተሰጠ ፕሮግራም ከደጃቸው እንዲገባ አይፈቅዱም።